ከበረኝነት ወደ ቅርጫት ስር

ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ነው። እስከዛ የሰፈር በረኛ ነበርኩ። የቡድኑ ልጆች ሲያነጥሩ ነው ያደጉት፤ እኔ ሳነጥር ኳሷ እግሬን መትታ ትሄዳለች። አሰልጣኙ «ረፍዶብሃል» አለኝ።

ተስፋ የሰጠኝ ናይጄሪያ ተወልዶ በአሜሪካ የነገሠው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሀኪም ኦላጁዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሌጎስ ተወልዶ በእጅ ኳስና በበረኝነት ነው ያደገው። ከ15 ዓመቱ በፊት ቅርጫት ኳስ አልነካም። በ1984 ግን ሂውስተን ሮኬትስ የተባለው ቡድን በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ አድርጎ ወሰደው። በዚያ ምርጫ ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ ነበር! በ1994 እና በ1995 ዋንጫ አነሳ፤ በ1996 አትላንታ ላይ ለአሜሪካ ተሰልፎ የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ።

እኔ የፈለግኩት «ድሪም ሼክ» የምትባለውን ሽወዳውን ነው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል። ትከሻውን ወደ አንድ ወገን ይሰብቃል። ተከላካዩ ሲከተለው በተተከለ እግሩ ዞሮ በሌላው በኩል ይወረውራል። ሲያዩት ቀላል ነው። እኔ ላይ ግን ሁለት ወር ሙሉ ፊሽካ ተነፋ፤ ትራቭሊንግ፣ ማለትም ኳስ ይዞ ሳያነጥሩ የመራመድ ጥፋት። የተተከለው እግሬ አብሮኝ ይንሸራተት ነበር።

ስህተቴ የገባኝ ቪዲዮውን አዘግይቼ ሳየው ነው። እኔ እጣደፋለሁ። እሱ ትከሻውን ሰብቆ ቆም ይላል፣ ተከላካዩ ወዴት እንዳጋደለ ያያል፣ ከዚያ ይዞራል። ካልተሸወደለትም ግድ የለው፤ ውሸቱን እውነት አድርጎ በዚያው ይሄዳል።

ስለዚህ ኳስ ትቼ ግቢያችን ውስጥ በጠመኔ ክብ ሠራሁ። ግራ እግሬን መሃሉ ላይ ተክዬ መዞር ብቻ። አንዲት ጎረቤታችን «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው የሚሽከረከረው?» ብለው እናቴን ጠይቀዋል።

ረመዳን ሲገባ ላቆም ነበር። ሀኪም በ1995 እየጾመ ተጫውቶ የፌብሩዋሪ ወር ምርጥ ተጫዋች መባሉን ሳነብ ሰበብ አጣሁ። እንደሱ ነኝ ብዬ በቀትር ፀሐይ ስሮጥ ግን አዙሮኝ ቁጭ አልኩ። እሱ የኤንቢኤ ሰውነት አለው፣ እኔ የሰፈር በረኛ ነኝ። ከዚያ በኋላ ልምምዴን ከኢፍጣር በፊት ወዳለችው ግማሽ ሰዓት አዛወርኩት፤ እሱም ክቡ ውስጥ ብቻ፣ ያለ ሩጫ።

ከዒድ በኋላ በነበረን ጨዋታ ሁለቴ ሞከርኳት። የመጀመሪያዋን መለሱብኝ። በሁለተኛዋ ተከላካዩ ወደ ግራ ዘለለ፣ እኔ ወደ ቀኝ ዞርኩ። እግሬ አልተንሸራተተም፣ ፊሽካም የለም፣ አጠገቤ ማንም የለም። ደነገጥኩና ባዶውን ሳትኩት።