የእታለም ንግድ ዶሜይን አገኘ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከእታለም ጋር ዋልኩ። የበርበሬና የጤፍ ንግዷ አድጎ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም እየደወሉ ያዟታል። አሁን ድረ ገጽ ልትከፍት ነው። ጊዜ የፈጀብን ግን የዶሜይኑን ስም፣ ማለትም ሰው ድረ ገጹን ለመክፈት የሚጽፈውን አድራሻ፣ መምረጡ ነው።

እሷ የከተማውን፣ የእህሉንና የራሷን ስም አንድ ላይ መደርደር ፈለገች። በአድራሻው ከነጥቡ በፊት እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል፤ ግን ማን ይጽፈዋል? ለደንበኞቿ እየደወለች ያሰብናቸውን ስሞች ነገረቻቸው። በላቲን ፊደል ጽፈው በቴሌግራም እንዲልኩላትም ጠየቀች። ሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው የጻፉት አጭሩን ብቻ ነበር። እሱን ያዝን።

ከነጥቡ በኋላስ? ዶት ኮም ወይስ የኢትዮጵያው ዶት ኢቲ? "ዶላር ከየት አባቴ ላምጣ?" አለች። ዶት ኢቲን የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በብር ይከፈላል። በዚያው ተስማማን።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ ተከራከርኩ። ድረ ገጹን የሚሠራው ልጅ "በእኔ ስም ላስመዝግበው" አለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ዶሜይን እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ የሚታወቀው ውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ነገ ልጁ ሥራ ቢቀይርስ? የማደሻ ማሳሰቢያው የሚሄደው ወደ እሱ ኢሜይል ነው። ሳይታደስ ከቀረ ስሙ ይለቀቃል፣ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋች ሴት እንዲህ ስሟን እንድታጣ አልፈልግም!

በእሷ ስም፣ በእሷ ኢሜይል ሆነ። የይለፍ ቃሉንም ራሷ ያዘች። የማደሻው ቀን ከንግድ ፈቃድ እድሳቷ ጋር ስልኳ ላይ ተመዝግቧል።