የግፊት ደብተሩ ተለምዷል፤ ጨው ላይ ግን ገና ነን

ባሕር ዳር ውስጥ ለጎረቤትና ለዘመድ የደም ግፊት አለካክ ለምታሳዩ ሁሉ፦ ልኬቱ የሚጻፍበት ደብተር በየቤቱ መያዝ ጀምሯል፣ ደስ ይላል። ያስቸገረውን ነገር ግን ሳናድበሰብስ እንነጋገርበት።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ደም ብዛት» ሲባል ደም የበዛ ይመስላል፤ «ደም ማነስ» ያለበት ሰው ግፊት የማይነካው ይመስለዋል። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። በቧንቧ ማስረዳት ይቀላል፦ ውሃው አልበዛም፣ የሚገፋበት ኃይል ነው የበዛው። ራስ ምታት አለመኖሩም ማስረጃ አይሆንም፤ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም።

አለካኩ ቶሎ ይለመዳል። ሽንት ሸንቶ፣ ከቡና 30 ደቂቃ አሳልፎ፣ ጀርባን አስደግፎ 5 ደቂቃ ዝም ማለት ነው። በርጩማ አይሆንም፤ ጀርባ አያስደግፍም፣ ክንድም ጭን ላይ ይወድቃል። ክንድ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ቁጥሩ በ8 ገደማ ይጨምራል። የመለኪያው ጨርቅ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ለወፍራም ክንድ የጠበበ ጨርቅ የሌለ ግፊት ያሳያል። ጠዋት ክኒን ከመዋጥ በፊት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለካል። ሰላምታው ከልኬቱ በኋላ ይሁን፤ ማውራት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። 7 ቀን ለክቶ የመጀመሪያውን ቀን መተውና የቀሪውን አማካይ መያዝ ነው። ቤት ውስጥ 135/85፣ ጤና ጣቢያ 140/90 ሲደርስ ከፍ ብሏል ይባላል። ቁጥሩ ወረደ ብሎ ክኒን ማቆም ግን ትልቁ ስህተት ነው፤ የወረደው በክኒኑ ነው።

አሁን ወደ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ከአንድ መሶብ በሚበላበት ቤት ግን የየሰውን ድርሻ መቁጠር አይቻልም። «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክርም ከንቱ ነው፤ ሁሉም «እኛ ቤት ትንሽ ነው» ይላል። የሚሠራው ፓኬቱን መቁጠር ነው። አንድ ኪሎ ጨው ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ፓኬቱ ላይ መጻፍ፣ ሲያልቅ ቀኖቹን መቁጠር። ለ5 አዋቂ በቀን 25 ግራም ስለሚሆን፣ ኪሎው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በ20 ቀን ካለቀ እጥፍ እየተበላ ነው። ቋንጣ የተሰቀለበት ወር ሂሳቡን ያዛባል፤ ለቋንጣው የወጣውን ለይቶ መጻፍ ነው።

ሂሳቡን የሚያበላሸው ሌላው ነገር በርበሬው ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ለ10 ኪሎ በርበሬ አንድ ኪሎ ጨው ከገባ፣ ወጥ ላይ የሚደረገው 30 ግራም በርበሬ ብቻውን ወደ 3 ግራም ጨው ይዟል፤ ከዚያ ድስቱ ላይ እንደገና ይጨመራል። ምጥን ሽሮም እንዲሁ ነው፣ በጾም ደግሞ በየቀኑ ይበላል። መፍትሔው በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አለማስገባት ነው ብለን አጥብቀን እናምናለን፤ ጨው አንድ ቦታ ብቻ፣ ድስቱ ላይ፣ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። በጣት መቆንጠር አይለካም። ግማሹን በአንዴ መቀነስ ቤተሰቡን ያስኮርፋል፤ በየ2 ሳምንቱ ሩብ ሩብ ቢቀነስ ምላስ ይለምዳል። ጥሬ ጨው ይሻላል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ግፊት የሚጨምረው ሶዲየም ያው ነው፣ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። ፖታሲየም ያለበትን ምትክ ጨው ደግሞ ኩላሊት ያመመው ወይም ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው።

ክብደት ላይ ሚዛን ብቻ አይበቃም። ሜትር እምብርት አካባቢ ይዞ ወገብን መለካት፦ ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው። በሐይቁ ዳር መንገድ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ፈጠን ብሎ 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን መራመድ ይበቃል። ማውራት እየተቻለ ለመዘመር ግን ትንፋሽ ካጠረ ልኩ ነው።

ውጭ የሚበላ ሰው ግን ከፓኬቱ ሂሳብ ያመልጣል፤ ይህን እስካሁን አልፈታነውም። የሐይቅ ዳር አሳ ሲታዘዝ «ጨው ሳይነሰነስበት፣ አዋዜውና ሚጥሚጣው ለብቻ» ማለትን ነው አሁን የምናለማምደው። ሌላ መላ ያላችሁ አካፍሉን።