ውሃው በ92 ፈላ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ የላብራቶሪውን ቴርሞሜትር ተውሼ ፊት ለፊቴ ካሉት እትዬ ቤት ገባሁ። ለቤተሰብ እየጻፍኩት ያለውን የሳይንስ መጽሐፍ፣ የማድቤቱን ምዕራፍ፣ እዚያው ማድቤት ልፈትነው ብዬ ነው። ፊዚክስ ማስተማር ለምጃለሁ፤ እናትና ልጅ አብረው እንዲያነቡት አድርጎ መጻፍ ግን አሁንም ያታግለኛል።

ድስቱ ተጣደ። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ቴርሞሜትሩን የድስቱን ታች ሳያስነካ ይዞ ዓይኑን አልነቀለም። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ እንፋሎቱ መስኮቱን አለበሰው፣ ቀይዋ መስመር ግን 92 ላይ ቀጥ አለች።

"ጋሼ፣ ተበላሽቷል! መጽሐፋችን 100 ነው የሚለው።"

አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። እሳት ብንጨምርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

እትዬ ማማሰያቸውን እንደያዙ ዝም ብለው ቆዩ። "አሰብ እያለን እኮ ክክ እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር። ስንት ዓመት የዚህን አገር ክክ ስራገም ኖርኩ!"

አሰብ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት፤ ውሃዋ እስከ 100 ይሞቃል፣ ክኩም ቶሎ ይበስላል።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሦስቴ ጽፌ የሰረዝኩት መግቢያ አሁን በእሳቸው ፈቃድ ከአሰቡ ክክ ይጀምራል፤ እሱን እየጻፍኩ ነው ያመሸሁት። ልጁ ደግሞ ክረምት ድሬዳዋ አክስቱ ጋ ሲሄድ ቴርሞሜትር እንዳውሰው ቃል አስገብቶኛል። እኔ 96 ብያለሁ፣ እሱ 95።