«ጁስ ጠጥተው ይሆናል»

ኢንተርን እያለሁ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

የሌሊት ድዩቲ፣ ሜዲካል ዋርድ። አንዱ አልጋ ላይ የ24 ዓመት የቀን ሠራተኛ በሳንባ ምች ተኝቷል። ሙቀቱ 39.8። ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል፣ ጓደኞቹ ኮሪደሩን ሞልተውታል። ፊት ለፊቱ የ78 ዓመት አባት አሉ። ሙቀታቸው 36.1። ጸጥ ብለዋል። አልፎ አልፎ ብቻ ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነውን ወንድማቸውን በስሙ ይጠሩታል። ልጃቸው «እህል እምቢ ካሉ ሁለት ቀናቸው ነው» አለችኝ። ሳቹሬሽናቸው (የደማቸው የኦክስጅን መጠን በመቶኛ) 89 ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዕድሜም አለ፣ 89 ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን በሙሉ ለልጁ ሰጠሁት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲስተር መጣች። እኔ አንደኛ ክፍል ሳልገባ ዋርድ ላይ የነበረች ሴት ናት።

«ዶክተር፣ የአባባ ስኳር 268 ነው።»

«ስኳር አለባቸው እንዴ?»

«የለባቸውም። ልጅቷን ጠይቄያለሁ።»

«እንግዲህ ጁስ ጠጥተው ይሆናል።»

ዝም ብላ አየችኝ። «የምን ጁስ ዶክተር? ውሃ በማንኪያ እንኳ እምቢ ያሉ ሰው።»

«ጠዋት ይደገማል» አልኩና ቻርቱ ላይ ጻፍኩት። በገዛ እጄ፣ ከነሰዓቱ።

አልተከራከረችኝም። ሄዳ ኦክስጅን ከፈተችላቸው። ከዚያ «ዶክተር»ን ትታ፣ «አንተ፣ እስቲ ትንፋሻቸውን ቁጠር» አለችኝ። ሰዓቷን ይዛ አጠገቤ ቆመች፣ ሙሉ ደቂቃ። 38። ማታ ቻርቱ ላይ 20 ብዬ ሞልቻለሁ። ያ 20 ተቆጥሮ እንዳልሆነ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ራጁ ሲመጣ ሁለቱም ሳንባቸው ነጭ። በ6 ሊትር ኦክስጅን 86 ላይ ናቸው። የደም ጋዝ ማሽኑ እንደ ልማዱ አይሠራም፣ ስለዚህ ያለ ማሽኑ ለመለየት በ2016 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የኪጋሊ መስፈርት ሳቹሬሽኑን በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ላለው የኦክስጅን ድርሻ አካፈልን። መቁረጫው 315 ነው፣ ከዚያ ሲወርድ ነው ችግሩ፤ የእሳቸው 200 እንኳ አልሞላም። ኤአርዲኤስ፣ ሳንባ በእብጠት ተጎድቶ ኦክስጅን ማሳለፍ ሲያቅተው። ቀትር ላይ አይሲዩ አልጋ ተገኘና የመተንፈሻ ማሽን ላይ ወጡ።

በማግስቱ ሞርኒንግ ላይ፣ የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ፣ ሲንየሬ ለሁላችን አስተማረን። ደህና አድርጎ ነው ያስተማረው፣ አልዋሽም። ትኩሳት ማውጣት ራሱ አቅም ይጠይቃል አለ። ሽማግሌ ሰውነት ሳንባ ላይ ጉዳት ሲደርስ ዘግይቶ ይነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ቶሎ አይበርድለትም። ጤነኛ ሆኖም ቢሆን ከውስጥ የሚጤስ እሳት አለው፤ ፍራንቼስኪ የሚባል ጣሊያናዊ ከነባልደረቦቹ በ2000 (እ.ኤ.አ.) «ኢንፍላሜጂንግ» ብሎ ስም ያወጣለት ነገር። ሰውነት ሲጨነቅ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። ያንን ስኳር ይውጠው የነበረው ጡንቻ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ሳስቷል። «የሳንባው ጩኸት በቴርሞሜትር ሳይሆን በስኳር መለኪያ ነው የመጣው» ሲል ሁሉም ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ያንኑ ቻርት አይቶ ፈርሞ እንደሄደ ግን አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ፊርማው እዚያው አለ።

ልጁ በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። አባባ ከማሽን የወረዱት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ራጃቸው ጠርቷል፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ልጃቸው የእጅ ሰዓታቸውን ልታስርላቸው ስትል ግን ሰዓቱ ተንሸራቶ ክርናቸው ጋ ደረሰ። «አባዬ ሰውነትዎ የት ሄደ?» አለቻቸው እየሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ጤነኛ አዛውንቶችን 10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝተው ሲለኩ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ እንደጠፋ ያነበብኩት በኋላ ነው። እኚህ ደግሞ ጤነኛ አልነበሩም፣ 10 ቀንም አልነበረም። ቤታቸው የገቡት ሰው ደግፏቸው ነው።

አሁን ሬዚደንት ሆኜ እዚያው ዋርድ ተመልሻለሁ። ሽማግሌ ሲገባ ትኩሳት አለ የለም ሳልል መጀመሪያ ስኳር አስለካለሁ፣ ትንፋሹንም ራሴ እቆጥራለሁ። ኢንተርኖቹ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ገቡ። ሙቀት 36.3፣ ስኳር 251፣ የስኳር በሽታ የለባቸውም። ወዲያው ኦክስጅን፣ ወዲያው ራጅ፣ የራጅ ባለሙያውን ከእንቅልፉ አስቀሰቀስኩት። ኢንተርኑ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት በዓይኔ ዝም አሰኘሁት። ትንፋሻቸው 18። ራጁ ንጹሕ፣ መስታወት።

ያቺው ሲስተር ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ሁለት ባዶ የሚሪንዳ ጠርሙስ አወጣች።

«ዶክተር» አለችኝ፣ «ይሄኛው እንኳን ጁስ ነው።»