እጅ ያላወጡት እናት

ዛሬ ደሴ ላይ የሰፈራችን ቅሬ (እድራችን) ገንዘብ ያዥ ሊመርጥ ተሰብስበን ነበር። ዕጩው አንድ ነው። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ስለሚል ሁሉም "ይሁን፣ እንጨርስ" ይላል።

አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "የድንኳኑ ኪራይ ደረሰኝ የታለ?"

"እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ!" ተባሉ። ተቀመጡ። ደግመው ተነሱ። ሦስተኛ ሲነሱ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔም ሰዓቴን አየሁ።

ሰውየው ተመረጠ። ግን በየሦስት ወሩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ተወሰነ።

ውሳኔውን ስጽፍ የአሜሪካ ሴኔት ትዝ አለኝ። ፕሬዚዳንቱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጨውን ዳኛ ጠርቶ ይጠይቃል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሬዚዳንት ሬገን ያጩት ሮበርት ቦርክ ከከረረ ክርክር በኋላ 58 ለ42 ወደቀ። በመጨረሻ ወንበሩን ያገኘው አንቶኒ ኬኔዲ 97 ለ0 አለፈ። በ1991 ግን ክላረንስ ቶማስ ያ ሁሉ ተቃውሞ እያለ 52 ለ48 ጸደቀ። ተቃዋሚ ሁሌ አያሸንፍም። ቶማስ ወሲባዊ ትንኮሳ አድርሶብኛል ያለችው የአኒታ ሂል የምስክርነት ቃል ግን ይኸው እስካሁን መዝገብ ላይ አለ።

ስንወጣ እማማ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ጻፍከው አይደል ልጄ?"

"ጽፌዋለሁ እማማ።"

"እስቲ አንብብልኝ።"

ካፊያው ጀምሮ ነበር። ደብተሩን ከጃኬቴ ውስጥ አወጣሁት።