እማዬና ጥቁሩ ቸኮሌት

ባለፈው ሁዳዴ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። የእማዬን አልጋ ሳነጥፍ ትራሷ ሥር ከጥቁሩ ቸኮሌት ጋር የደም ግፊት ኪኒኗን አገኘሁት። ለአንድ ወር ብዬ የገዛሁላት 30 ፍሬ ነበር። ከገዛሁት 26 ቀን ሆኖታል። 4 ፍሬ ብቻ መቅረት ነበረበት። ቆጠርኩት። 17 ፍሬ አለ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያለ ጉድለት ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምወስደው።"

"ለምን?"

"ቸኮሌቱን እየበላሁ አይደል? እሱም እኮ ለግፊት ነው።"

ማታውኑ ሰፈራችን ያለ ፋርማሲ ሄደን ተለካች። 171 በ97። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ነገሩ የጀመረው በገና ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለበዓል መጥታ ነበር። እንደ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ሰው ግማሽ ሻንጣዋ ቸኮሌት ነው። ወተት ያለው፣ ነጩ፣ ለውዝ ያለበት፣ ካራሜል ያለበት። ከታች ደግሞ አራት ጥቁር ቸኮሌቶች። 85 በመቶ ካካዎ ይላል። ልጆቹ አንዴ ቀምሰው ተዉት። እማዬም መጀመሪያ ስትቀምሰው ፊቷን አጨማደደችና "ኮሶ ነው እንዴ?" አለች።

ቆይቶ ግን ያው ምሬቱ ሳባት። በእኛ ቤት መራራ ነገር መድኃኒት ነው። ኮሶው፣ ግራዋው፣ ሬቱ። እኛን ስታሳድግ "የመረረ ያድናል" እያለች ነው። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን በቴሌግራም የደረሳትን ቪዲዮ አሳየቻት። ጥቁር ቸኮሌት ግፊት ያወርዳል፣ ልብ ይጠግናል፣ ስብ ያቃጥላል ይላል። ለእማዬ ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም። ምላሷ አስቀድሞ የነገራትን ነው ያረጋገጠላት። በዚያ ላይ ወተት ስለሌለው ጾም አያስፈታም። ሁሉም ነገር ገጠመላት።

ስለዚህ ልቆጣት አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አስደሰተኝ። እማዬ ከመሬት ተነስታ አይደለም። ካካዎ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ የደም ሥር ውስጠኛው ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ ያግዛሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ የደም ሥርን ያላላል። ደሙ በቀላሉ ያልፋል፣ ግፊቱም ትንሽ ይቀንሳል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ተቀብሎ፣ በቀን 200 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል ለደም ዝውውር ይረዳል ብሏል።

በጣም የመሰጠኝ የኩናዎች ታሪክ ነው። ፓናማ ውስጥ ሳን ብላስ በሚባሉት ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ ለብዙ ዓመታት አጥንቷቸዋል። እሱ እንዳገኘው፣ በደሴቶቹ የሚኖሩት ሲያረጁ ግፊታቸው እንደሌላው ሰው አይጨምርም ነበር። ወደ ፓናማ ሲቲ የፈለሱት ግን ግፊት ይይዛቸው ነበር። ደሴቶቹ ላይ በየቀኑ ካካዎ ይጠጣ ነበር፣ ያውም ብዙ። ከተማ ሲገቡ ይቀንሱ ነበር። በእርግጥ ከተማ የገባ ሰው ካካዎውን ብቻ አይደለም የሚተወው። ምግቡም፣ እንቅስቃሴውም፣ ኑሮውም ይለወጣል። ከገጠር አዲስ አበባ የገቡትን ዘመዶቼን ሳስብ ይሄ ይገባኛል። ደግሞ ኩናዎች ይጠጡት የነበረው ብዙም ያልተነካካ ካካዎ ነው እንጂ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት አይደለም።

ከዚያ ቁጥሩን ፈለግኩ። ግፊት ያወርዳል ከተባለ፣ በስንት?

ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የ35 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ አይቷል። በአማካይ ግፊቱ የወረደው በ1.8 ገደማ ብቻ ነው። ቀድሞውኑ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ላይ ወደ 4 ይደርሳል። ለእማዬ በወረቀት ላይ ጻፍኩላት። 171 ላይ 4 ሲቀነስ 167። "ይሄ ነው ቸኮሌቱ የሚያወርድልሽ፣ እሱም ከሠራ" አልኳት። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

በዚያ ላይ ለተጠኚዎቹ የተሰጠው በአማካይ 670 ሚሊግራም ፍላቫኖል ነው፣ በየቀኑ። አንዳንዱ ደግሞ ፍላቫኖሉ ተመጥኖ ለጥናት የተዘጋጀ ካካዎ ነው። ሱቅ የምንገዛው ቸኮሌት ስንት ፍላቫኖል እንዳለው ጀርባው ላይ አይጻፍም። 85 በመቶ ማለት ከካካዎ የመጣው ድርሻ 85 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለ ፍላቫኖሉ የሚነግረን ነገር የለም። ካካዎው ሲቦካ፣ ሲቆላ ይቀንሳል። ምሬቱን ለማለዘብ በአልካሊ (ኮምጣጣነትን በሚያጠፋ ኬሚካል) ከታከመ ደግሞ ከግማሽ በላዩን ያጣል። የሚገርመው፣ በአልካሊ የታከመ ካካዎ ይበልጥ ይጠቁራል። ስለዚህ በጥቁረቱ መፍረድ አይቻልም። የካካዎ ዱቄት ስትገዙ ጀርባው ላይ አልካሊ የሚል ቃል ካለ፣ ያ ዱቄት ለኬክ ጥሩ ነው፤ ለልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ።

ትልቁ ጥናት አሜሪካ ውስጥ የተደረገው ነው። ኮስሞስ ይባላል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል በእንክብል ተሰጣቸው። ቸኮሌት አይደለም፣ እንክብል። የልብና የደም ሥር ሕመሞችን በጠቅላላው ሲያዩ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። በልብና ደም ሥር ሕመም የሞቱት ግን በ27 በመቶ አነሱ። ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሆኖም የጥናቱ ዋና ጥያቄ ይሄ ስላልነበር አጥኚዎቹ ራሳቸው ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለዋል። ገንዘብ ከሰጡት መካከል ቸኮሌት አምራቹ ማርስ እንዳለበትም ማወቅ ጥሩ ነው።

ስብ ያቃጥላል የሚለውን ግን በፍጹም አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ፣ ደካማ ጥናት እንዴት በቀላሉ ዜና እንደሚሆን ለማሳየት ብሎ አንድ ሙከራ አደረገ። 15 ሰው ብቻ። 18 ዓይነት መለኪያ። ያን ሁሉ ነገር በጥቂት ሰው ላይ ከለካህ አንዱ በአጋጣሚ ጥሩ ሆኖ መውጣቱ አይቀርም። ቸኮሌት ያከሳል ብሎ አሳተመው። በብዙ አገር ያሉ ጋዜጦች ተቀባበሉት። በኋላ ራሱ እውነቱን ተናገረ። ያ ወሬ ግን ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል። እናቶቻችን ድረስ የሚመጣ ቪዲዮ ከየት እንደተነሳ ሳስብ እናደዳለሁ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው እኮ የማንን ኪኒን እንደሚያስቆም አያውቅም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። አልተቆጣትም። "እማማ፣ ቸኮሌቱን ይብሉ። ኪኒኑን ግን አንድም ቀን አይዝለሉ" አላት። እኔ ስለው የነበረውን ነው የተናገረው። እሱን ሰማችው።

ጀርባውን የማንበብ ልማድ ለእኛ ቤት የመጣው በጾም ነው። እማዬ ማንኛውንም የታሸገ ነገር ከመብላቷ በፊት "ወተት አለው?" ብላ ታስነብበኛለች። አንዳንድ ጥቁር ቸኮሌት ወተት ካለው ጋር በአንድ ማሽን ስለሚሠራ "ወተት ሊኖርበት ይችላል" ይላል። ያን ስፈልግ ነው ሌላውን ያየሁት። የተጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ የበዛው መጀመሪያ ይመጣል። ወተት ያላቸውን የእህቴን ቸኮሌቶች አንድ በአንድ አየሁ። የሁሉም መጀመሪያ ስኳር ነው። በአሜሪካ ሕግ ወተት ያለው ቸኮሌት ተብሎ ለመሸጥ ከክብደቱ 10 በመቶው ከተፈጨ የካካዎ ፍሬ ከሆነ ይበቃል። ነጩ ደግሞ የካካዎ ቅቤ እንጂ ጥቁሩ ክፍል ጭራሽ የለውም። ፍላቫኖል ከዚያ አትጠብቁ።

የስኳሩ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የምንጨምረው ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። አንድ ባለ 100 ግራም ወተት ያለው ቸኮሌት ውስጥ ወደ 50 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ግማሹን የበላ ልጅ የቀኑን ጨርሷል። በላዩ ላይ ሻይ አለ፣ ለስላሳ አለ። በጥቁሩ፣ ከ70 እስከ 85 በመቶ ባለው፣ 100 ግራም ውስጥ ወደ 24 ግራም ገደማ ነው። ጉልበት ሰጪነቱ ግን ከፍተኛ ነው፣ ወደ 600 ካሎሪ። ስቡ ብዙ ነው። 20 ግራም ብትበሉ 120 ካሎሪና 5 ግራም ስኳር አካባቢ ነው። ይሄ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ችግሩ ሙሉውን ስንጨርሰው ነው።

ማግኒዥየምና ብረትም አለው። ለብረት ብላችሁ ከሆነ ግን ጤፍና ምስር አለልን።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላም ነገር አለ። ካካዎ ካድሚየምና እርሳስ ሊይዝ ይችላል። ካድሚየሙ ከአፈሩ ነው፣ ዛፉ ይስበዋል። እርሳሱ ደግሞ ፍሬው ተሰጥቶ ሲደርቅ በአቧራ ይገባል። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የመረመራቸው 28 ጥቁር ቸኮሌቶች በሙሉ ሁለቱም ነበሩባቸው። በ23ቱ ላይ መጠኑ በየቀኑ ለሚበላ ሰው የሚያሳስብ ነበር። ስለዚህ እርጉዝ የሆነች ሴትና ትንንሽ ልጆች ጥቁሩን የየቀን ምግብ ባያደርጉት ይሻላል። ለእኔ መመጠን የሚለው ቃል ትርጉም ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጨጓራ ያለበት ሰውም ራሱን ይከታተል፣ ቃር ሊያስነሳበት ይችላል። ለውሻ ደግሞ መርዝ ነው። ካካዎ ውስጥ ያለውን ቲዮብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነታቸው ቶሎ አያስወግደውም። ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ ካለ ልጆቹን አስጠንቅቁ።

አሁን ቤታችን እንዲህ ሆኗል። ቸኮሌቱ ከእማዬ ትራስ ሥር ወጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቅዳሜና እሁድ ቡና ሲፈላ ይወጣል። አቦሉ እንዲሁ ይጠጣል። በቶናው ሁለት ሁለት ቁራሽ ይሰበራል፣ ተመዝኖ 20 ግራም የሚሆን። ድሮ እማዬ እንደ ኪኒን አላምጣ ትውጠው ነበር። አሁን ምላሷ ላይ ታስቀምጠዋለች። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። አፋችን ከዚያ ይሞቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ ለተወው ሰው ቀስ ብሎ ይሟሟል። ጣዕሙ ከቡናው ጋር እየተቀላቀለ ይቆያል፣ ምሬቱም እየለዘበ ይሄዳል። ዓይኗን ጨፍና "እንዲህ ነው ለካ የሚበላው" ያለችበትን ቀን አልረሳውም። ስኳሩን ከቡናዋ የተወችውም በዚያ ሰሞን ነው። ማንም አላዘዛትም።

ኪኒኗ ከፊት ለፊት ቡፌው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔ ሥራ ከመሄዴ በፊት እያየሁ ትወስዳለች። ባለፈው ሳምንት ስትለካ 138 በ84 ነበር።

እሁድ ዕለት እህቴ ደውላ ነበር። ልትመጣ ነው። "እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ?" አለቻት።

"ያን ሁሉ ቸኮሌት አትሸከሚ" አለች እማዬ። "ቤት የሚቀመጥ የግፊት መለኪያ አምጪልኝ።"

ትንሽ ዝም አለችና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

"አንድ ጥቁር ግን ጣል አድርጊበት። ወተት የሌለው።"