ማደሪያው በሌላ ሆድ ሥር

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሜ አንድ ወጣት ቆሮሶ ሲበልት እመለከት ነበር። የዓሣውን የጉንጭ ክዳን በአውራ ጣቱ ገልጦ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረውን ቀይ ስንጥብ ሲያወጣ፣ ሐሳቤ ከሐዋሳ ሐይቅ ርቆ ሰሞኑን ስለ እርሱ ሳነብ ወደ ሰነበትኩት፣ «ንጉሥ ሸርጣን» ወደሚባለው የጥልቅ ባሕር እንስሳ ሄደ። ይህ እንስሳ ስንጥቡን የሚያጸዳው በገዛ እግሩ ነው። አምስተኛው ጥንድ እግሩ እጅግ ትንሽ ሆኖ ከቅርፊቱ ሥር ታጥፎ ስለሚኖር፣ ከላይ ለሚያየው ሰው መቆንጠጫዎቹ ተጨምረው እንኳ ስምንት እግር ብቻ ያለው ይመስላል።

ሸርጣን ይባል እንጂ ከእውነተኞቹ ሸርጣኖች ወገን አይደለም። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ለስላሳ ሆዳቸውን በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ሸሽገው ይኖሩ ከነበሩ ቅድመ አያቶች ነው። የተውሶ ቤቱን ጥሎ የራሱን ጋሻ ቢያበቅልም፣ በሴቷ ሆድ ላይ ያሉት ጠንካራ ሽፋኖች ዛሬም ግራና ቀኛቸው እኩል አይደለም፤ ጠመዝማዛው ቤት ያሳደረው አሻራ ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ኒዮሊቶደስ ዲዮሜዲዬ የተባለው ዝርያ ነው። ሐይቃችን እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ 22 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ሸርጣን በካሊፎርኒያዋ ሞንተሬይ አቅራቢያ ከ1,200 ሜትር በላይ በሚወርድ ጨለማ ውስጥ ተጠንቷል። የእኛ ግልገል ዓሣ ከአዳኝ የሚሸሸግበት ቄጠማና ደንገል አለው፤ በዚያ የተንጣለለ ጭቃ ላይ ግን ድንጋይ እንኳ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ትንሹ ሸርጣን የኮከብ ዓሣ ዘመድ በሆነችውና ተመራማሪዎች የባሕር አሳማ በሚሏት፣ ጭቃ እየላሰች በዝግታ በምትራመድ ለስላሳ ፍጥረት ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ይኖራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ2,500 በላይ የባሕር አሳማዎችን ተመልክቶ፣ ከአምስቱ አንዷ ያህል ሸርጣን ይዛ እንደተገኘች፣ ከታዩት ግልገል ሸርጣኖችም 96 በመቶው በእነርሱ ላይ እንደነበሩ ገልጿል። አያቶቹ ቤት የተዋሱት ከሞተ ቀንድ አውጣ ነበር፤ እርሱ በሕይወት ካለች እንስሳ መጠጋቱን ሳስብ እስካሁን እገረማለሁ።

ይህንኑ ለወጣቱ ብነግረው ቢላዋውን አሳርፎ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ለተሸካሚዋ አይከብዳትም?» አለኝ። የሚጠጉባት ትንንሾቹ እንደሆኑ፣ ካደጉ በኋላ ግን እሾሃማ ጋሻቸውን ለብሰው ጭቃው ላይ ብቻቸውን እንደሚሄዱ ነገርኩት።